የአሮጌ ምላጭ ድንጋይ መለየት፦ ሦስት ድንጋይ፣ ስም የሌለው ሳጥን

አዲስ_ስለት

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ላይ የተሸጡ ሦስት ድንጋዮች ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ የቆዳ ጠፍርም ስላለ የታጣፊ ምላጭ መሳያ እንደነበሩ ይገመታል።

ሀ) ግራጫ ሆኖ ሰማያዊ የሚያጠላበት፤ 178 × 50 × 20 ሚሊ ሜትር። መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጀርባው ላይ ቀጫጭን የመጋዝ መስመር አለ፤ አንዱ ጫፍ ላይ የተላጠ ወረቀት ቅሪት ይታያል።

ለ) ከላይ ክሬም ቢጫ፣ ከታች ጥቁር፤ 150 × 40 × 25። ቢጫው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፊቱ በአሮጌ ዘይት ጠቁሯል።

ሐ) ቀይ ቡናማ፤ 127 × 50 × 12። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ማዕዘኖቹም ክብ ናቸው።

ምን ምን ናቸው? ሳላበላሻቸው እንዴት ልለያቸው?

---

የድንጋይ_ሰው

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ብርጭቆ ወረቀትና አልማዝ ሰሌዳ አታስነካቸው። የመጋዝ መስመር፣ የወረቀት ቅሪት፣ የጎን ቅባት ሁሉ ማስረጃ ነው። ፊቱን አስተካክለህ ካሳመርከው በኋላ የሚቀርህ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለም ደግሞ ብቻውን ያሳስታል።

ፎቶ በጥላ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን አንሣ። እያንዳንዱን ድንጋይ አንድ ጊዜ ደረቁን፣ አንድ ጊዜ ረጥቦ፤ ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለቱ ጎንና ሁለቱ ጫፍ። አጠገቡ ማስመሪያ ይኑር። በመብራት የተነሣ ፎቶ ግራጫውን አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ቢጫ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ክብደት። ድንጋዩ የያዘውን ቦታ በማስመሪያ ለክቶ ማባዛት ለተበላ ድንጋይ አይሠራም፤ በውሃ ነው የሚለካው።

1. ደረቁን ድንጋይ መዝን፤ ግራሙን ጻፍ።
2. ሚዛኑ ላይ ውሃ የሞላ ሰፊ ዕቃ አስቀምጥና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልስ።
3. ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረህ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው። ታቹንም ጎኑንም አይንካ።
4. ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የድንጋዩ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር በዚህ አካፍል፤ ውጤቱ ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዚህ በኋላ «ክብደት» የምንለውም ይህን ቁጥር ነው።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የአየር አረፋ ጎኑ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ይዘቱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በጣት ጥረገው። ድንጋዩ ውሃ የሚመጥ ከሆነ ቁጥሩ እያየኸው ይቀንሳል፤ እንደገባ በአምስት ሰከንድ ውስጥ አንብብ። በ1 ግራም የሚቆጥር የወጥ ቤት ሚዛን ለትልቅ ድንጋይ ይበቃል። ለ20 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ማሻሻ ድንጋይ (ትልቁን ድንጋይ አሽቶ ጭቃ ማውጫ) ግን አንድ ግራም ማለት 5 በመቶ ስሕተት ስለሆነ በ0.1 ግራም የሚቆጥር ፈልግ።

---

ቀጭን_ጠርዝ

ሀ ኤሸር ነው። ሰማያዊ ግራጫ፣ የጫፍ ወረቀት፣ የመጋዝ መስመር፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

---

ፀጉርቤት_ሽቱትጋርት

ወንድሜ ቀጭን ጠርዝ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣል። ኤሸር የድንጋይ ዓይነት አይደለም፤ በጀርመን አገር በቱሪንጂያ፣ በሶነበርግ ከተማ የነበረ የአንድ ነጋዴ ቤት ስም ነው። ድንጋዩ ከዚያው ከሶነበርግና ከሽታይናኽ አካባቢ ተራሮች የወጣ ስሌይት ነው፤ ስሌይት ማለት እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ የሚነሣ ተነባባሪ ድንጋይ። ከዚያው ተራራ አውጥተው በሌላ ወረቀት የሸጡ ነበሩ፤ ያለ ወረቀት የሸጡም ነበሩ። ስለዚህ ወረቀቱ ካልተነበበ «ቱሪንጂያ» ነው የሚባለው፤ «ኤሸር» አይባልም። ስለቱ ላይ ልዩነት ላያመጣ ይችላል፤ ዋጋው ላይ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የኤሸር ድንጋይ ጫፉ ላይ ቀለሙን የሚናገር ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበት ነበር፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቢጫ አረንጓዴ። ገዢዎች በብዛት የሚሻሙት ቢጫ አረንጓዴውን ነው።

ወረቀት ላይ ጽሑፍ ከተገኘ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። አሜሪካ የ1890 የታሪፍ ሕጓ ከመጋቢት 1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የአገሩ ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አዘዘ። «ጀርመኒ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ስለዚህ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ወይም ዴዴኤር የሚል ካለ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቱሪንጂያ በዚያ ክፍል ነበረች።

በኮምፒውተር ታትሞ የሚለጠፍ የውሸት ወረቀትም አለ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የገንዘብ መመርመሪያ አልትራቫዮሌት መብራት አብራበት። ዛሬ የሚሠራው ነጭ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ያ ኬሚካል ከ1950 ገደማ በፊት በወረቀት ላይ አልተለመደም። የመቶ ዓመት ወረቀት ፈዝዞ ይቀራል። ከ1950 በፊት የነበረ ነው የተባለ ወረቀት ካበራ ውሸት ነው፤ ካላበራ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፣ አሮጌ ወረቀት ላይ ማተም ይቻላልና።

---

አዲስ_ስለት

አመሰግናለሁ። ሚዛኑ ይህን ሰጠ፦

ሀ፦ 462 ግራም፤ ውሃ ውስጥ 168። ውጤቱ 2.75።
ለ፦ 428 ግራም፤ ውሃ ውስጥ 146። ውጤቱ 2.93።
ሐ፦ ቁጥሩ አልቆም አለ፤ አረፋም ያወጣል።

---

ጂኦ_መቐለ

ቁጥሮቹ ደስ ይላሉ። ምን እንደሚሉ ላስረዳ።

ስሌይት በብዛት ከ2.7 እስከ 2.8 ይመጣል። ሀ 2.75 ነው፤ ሚዛንህ በአንድ ግራም ቢሳሳት እንኳ ከ2.73 እስከ 2.77 ነው። ስሌይት መሆኑን ይደግፋል፣ የትኛው ስሌይት እንደሆነ ግን አይናገርም። የዌልስ ስሌይትም እዚያው ክልል ውስጥ ነው።

የለ ቁጥር የሁለት ድንጋይ አማካይ ስለሆነ ለብቻው አይነበብም። ከታች ያለው ጥቁር ስሌይት 2.8 ቢሆንና ውፍረቱ 17 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 2.93 እንዲመጣ 8 ሚሊ ሜትሩ ቢጫ 3.2 ገደማ መሆን አለበት። ይህን ያህል የሚከብድ ቢጫ የምላጭ ድንጋይ የቤልጂግ ኮቲኩል ነው። የሚያከብደው ስፔሳርቲን የሚባል ማንጋኒዝ ያለበት ጋርኔት፣ ማለትም ጠንካራ ማዕድን ነው፤ የራሱ ክብደት ከ4 በላይ ሲሆን ከድንጋዩ ይዘት ሲሶ ያህሉን ይይዛል። ተራ ቢጫ የሸክላ ድንጋይ እዚህ ቁጥር ላይ አይደርስም።

ሌላ ፈተና፦ በጎን፣ በማይታይ ቦታ፣ በቢላ ጫፍ ጫር አድርግ። ስሌይት ይጫራል፤ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ይወጣል። ቢላው ራሱ ተፍቆ የብረት መስመር ጥሎ ካለፈ ድንጋዩ ሲሊካ (የኳርትዝ ዓይነት) ነው፤ ያኔ ስለ አሜሪካው አርካንሳ ድንጋይ ቤተሰብ እናወራለን። አንድ ጠብታ አቼቶም በጀርባ አስቀምጥ። አረፋ ካወጣ ኖራ ያለበት ድንጋይ ነውና ወደ ምላጭ አታቅርበው።

---

የድንጋይ_ሰው

አሁን ጭቃው። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርገህ በራሱ በድንጋዩ ዓይነት ቁራጭ፣ ከሌለህ በጥቃቅን አልማዝ ሰሌዳ ጥግ ላይ በሳንቲም ስፋት ብቻ አሻሽ። ጭቃውን በነጭ ሰሐን ላይ ጠርገህ ተመልከት፤ የጭቃው ቀለም ከድንጋዩ ፊት የበለጠ እውነት ይናገራል።

ኮቲኩል፦ እንደ ወተት ነጭ ወይም ክሬም። ቶሎ ይወጣል።
የቤልጂግ ሰማያዊ (ኮቲኩልን አቅፎ የሚገኘው ድንጋይ)፦ ሐምራዊ ወይም ቀይ ቡናማ። ሄማታይት የሚባል ቀይ የብረት ማዕድን ስላለበት ነው።
ቱሪንጂያ፦ ከድንጋዩ የነጣ፣ ፈዛዛ ግራጫ፤ በጣት ሲዳሰስ እንደ ቅባት ይንሸራተታል።
ሐምራዊ የዌልስ ስሌይት፦ ሐምራዊ።
ተራ የጣሪያ ወይም የትምህርት ቤት ሰሌዳ ስሌይት፦ ጥቁር ግራጫ፣ በጣት መካከል የሚሻክር።

የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው። ጥቁር ግራጫ ሁሉ «አሮጌ የምላጭ ድንጋይ» ተብሎ ይሸጣል። ጭቃው ጥቁር ሆኖ ከሻከረ ለቢላ ተወው።

ዛሬ ከቻይና ጓንግሺ የሚመጣው ጠንካራ ጥቁር ግራጫ ድንጋይም ብዙ ጊዜ ተቆሽሾ እንደ ቱሪንጂያ ይሸጣል። እሱ በማሻሻ ጭቃ ለማውጣት ብዙ ያደክማል፤ ጎኑም በዘመናዊ ክብ መጋዝ ስለተቆረጠ ቀጥ ያለና ንጹሕ ነው።

---

ዳላስ_ምላጭ

ስለ ሐ ማንም አልመለሰም። ሐ የተፈጥሮ ድንጋይ አይደለም፤ የፋብሪካ የፀጉር ቤት ድንጋይ ነው። ምልክቶቹ ሁሉ አሉ፦ ወጥ ቀለም፣ በቅርጽ ተጨምቆ የወጣ ክብ ማዕዘን፣ ለኪስ የሚሆን ትንሽ መጠን፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ማውጣት። በ10 ወይም በ20 እጥፍ ማጉያ ብታየው እኩል እኩል የሆኑ የሚያብረቀርቁ ቅንጣቶችና በመካከላቸው ጥቃቅን ቀዳዳ ታያለህ። የተፈጥሮ ድንጋይ እንዲህ እኩል አይሆንም፤ ደመና፣ ጅማት ወይም ነጥብ አያጣም።

ኤድዋርድ አቸሰን ካርቦረንደምን፣ ማለትም ሰው ሠራሹን ጠንካራ የመሳያ ቅንጣት፣ የፈለሰፈበት ፓተንት የ1893 ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ሠራሽ ድንጋይ ገበያውን ሞላ፤ የስሎቬኒያ ከተማ የማሪቦሩ ስዋቲ የተባለው የፀጉር ቤት ድንጋይም ከዚህ ወገን ነው፣ ስሙ በድንጋዩ አካል ላይ ተጨምቆ ይገኛል። የአንተን ጎንና ጀርባ በፈዛዛ ብርሃን አጋድመህ እይ፤ የተበላ ፊደል ሊኖር ይችላል።

አትጣለው። የእነዚህ ድንጋዮች ሥራ ደህና የነበረ ምላጭ ሲዶለዱም በሦስት አራት ምት መመለስ ነው። ሃያ ምት ከሄድክበት ጠርዙ ከመጠን በላይ ሳስቶ ይሰባበራል፤ ከዚያ ሰው ድንጋዩን ይወቅሳል።

---

ቀጭን_ጠርዝ

ጋሽ ፀጉርቤት ትክክል ነዎት፤ ቃሌን አነሣለሁ። ስለ ለ ልጠይቅ፦ ጥቁሩ የተፈጥሮ ነው ወይስ የተለጠፈ?

---

ፀጉርቤት_ሽቱትጋርት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮቲኩል የሚወጣው በቤልጂግ አርደን፣ በቪየልሳልምና በሊየርኑ አካባቢ ነው። ቢጫው በሰማያዊው ድንጋይ መካከል የሚሮጥ ቀጭን ጅማት ስለሆነ ብቻውን ቢቆረጥ ይሰበራል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ነበር፤ ከተፈጥሮ ሰማያዊ ጎረቤቱ ጋር አብሮ መቁረጥ፣ ወይም ቢጫውን ለብቻ አውጥቶ በስሌይት ጀርባ ላይ መለጠፍ።

ጎኑን አርጥበህ በማጉያ ተመልከት። ታቹ ሰማያዊ ሐምራዊ ሆኖ ድንበሩ ትንሽ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የድንጋዩም ጅማት ድንበሩን አቋርጦ የሚቀጥል ከሆነ የተፈጥሮ ነው። ታቹ ጥቁር ሆኖ ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ከመሰለ፣ መካከሉም ላይ ፀጉር የምታክል የሙጫ መስመር ካለች የተለጠፈ ነው። አንተ «ጥቁር» ስላልክ የተለጠፈ ይመስለኛል። በጥራት አያንስም፤ ቢጫው ያው ቢጫ ነው። ጽዳቱ ላይ ግን ልዩነት አለው፣ አሮጌው ሙጫ ሙቀት አይችልም።

---

የድንጋይ_ሰው

ስለ ጽዳት እንግዲህ። በምድጃ ማሞቅ፣ ማፍላት፣ ማይክሮዌቭ፤ ሦስቱም ክልክል። ዘይቱና ውሃው ሲሰፋ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ የተለጠፈው ደግሞ ይለያያል።

የለ ዘይት ፊቱ ላይ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ኮቲኩል ዘይት ወደ ውስጥ አያስገባም። በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትግ፣ አጥበህ አድርቅ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገም። ጭቃው ነጭ እስኪሆን ድረስ ነው። የተለጠፈ ድንጋይ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አይደር።

ሀ ላይ የወረቀት ቅሪት ስላለ ጫፉን ከውሃ ጠብቅ። ላምባም አሴቶንም ወደዚያ አታስጠጋ፤ ቀለሙን ያጥባሉ። ቅሪቱን ለማጽናት በብሩሽ አንድ ስስ የሼላክ (የተፈጥሮ ቫርኒሽ) ቅብ ይበቃል።

---

እህት_ዋሺታ

ሰላም፣ ልቀላቀል። በዝግባ ሳጥን ውስጥ ያለ፣ በዘይት ቡናማ የሆነ፣ ቢላ የማይጭረው ድንጋይ አለኝ፤ ክብደቱ 2.3። አርካንሳ ነው?

---

ዳላስ_ምላጭ

እህቴ፣ ከተጠቃሚ ስምሽ ጋር የሚሄድ ይመስላል። ቢላ ካልጫረውና 2.3 ከሆነ ዋሺታ ወይም ለስላሳ አርካንሳ ነው። ሁሉም ኖቫኩላይት የሚባል ደቃቅ የኳርትዝ ድንጋይ ናቸው፣ ከዋሺታ ተራሮች፣ አርካንሳ። ልዩነቱ የቀዳዳው ብዛት ነው። ንጹሕ ኳርትዝ 2.65 ስለሆነ፣ ቁጥሩ ወደዚያ በቀረበ መጠን ድንጋዩ ጥብቅና ደቃቅ ነው። ብርሃን አስተላላፊው ዓይነት ወደ 2.6 ይጠጋል፤ የስልክ መብራት ከጠርዙ ሥር ብታበሪ ድንጋዩ እንደ ማር ያበራል። ዋሺታው ከሁሉ ዝቅ ይላል።

ግን አንድ ነገር፦ ቀዳዳው በአሮጌ ዘይት የተሞላ ከሆነ ቁጥሩ ይዛባል። መጀመሪያ ዘይቱን አውጪ። ወረቀት ከሌለው በቅባት ማስወገጃ ፈሳሽ አንድ ሳምንት ዘፍዝፊው፤ ፈሳሹ በጠቆረ ቁጥር ቀይሪ። ከዚያ ሁለት ቀን አድርቀሽ እንደገና መዝኚ።

ሳጥኑ ላይ ወይም ድንጋዩ ጫፍ ላይ ፓይክ የሚል ካለ፣ የኒው ሃምፕሸሩ የመሳያ ድንጋይ ድርጅት ነው፤ «ሊሊ ዋይት» የምርጡ ዋሺታቸው መጠሪያ ነበር። በ1932 ከሌላው የመሳያ ሠሪ ድርጅት ከኖርተን ጋር ስለተቀላቀለ የሁለቱም ስም አብሮ የተጻፈበት በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። ለምላጭ ግን ዋሺታ መጨረሻ ድንጋይ አይደለም፤ መሃል ላይ የሚገባ ነው።

አረንጓዴ ሆኖ የዝገት ቀይ ጅማት ወይም ነጥብ ካለው፣ ቢላም ካልጫረው፣ የእንግሊዙን ቻርንሊ ፎረስት አስቢ። ከሌስተርሸር ነው፣ በዘይት ይሠራል፣ ዘገምተኛ ነው።

---

ቀጭን_ጠርዝ

የጃፓኑስ? ጀርባው ላይ ማኅተም ያለው ሁሉ ከታዋቂው የኪዮቶ ጉድጓድ ከናካያማ ነው ተብሎ ይሸጣል።

---

የድንጋይ_ሰው

ማኅተም ቀለም ነው፤ ማንም ያትመዋል። የኪዮቶ የማጠናቀቂያ ድንጋይ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ በማኅተም ብቻ አይረጋገጥም። እኔ ስሙን ትቼ ሦስት ነገር እመለከታለሁ፦ ጀርባው የተፈጥሮ ቅርፊቱን ይዞ እንደሆነ፣ ጎኑ እንዳይሰነጠቅ በላከር ተቀብቶ እንደሆነ፣ ፊቱ ላይ ጠርዝ የሚያጠምድ ጅማት እንዳለ። ጅማቱን በጥፍር አቋርጠህ ስትሄድ ከያዘህ ምላጩንም ይይዘዋል።

---

አዲስ_ስለት

የሀ ጭቃ ወጣ፤ ከድንጋዩ የነጣ ፈዛዛ ግራጫ፣ ለስላሳ። አቼቶ አላፈላም። ቢላ ጫረው። የለ ጭቃ ከጽዳት በኋላ ወተት ነው። ጎኑ ላይ ቀጥ ያለች የሙጫ መስመር አለች። አሁን የሀን ጎድጓዳ ማስተካከል እችላለሁ?

---

የድንጋይ_ሰው

ሀ ቱሪንጂያ፣ ለ የተለጠፈ ኮቲኩል። አሁን ትችላለህ።

8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስታወት ላይ 220 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፍ። የድንጋዩን ፊት በእርሳስ በመረብ አስምር። ሁልጊዜ በውሃ ሥራ፤ ደረቅ የስሌይትና የሲሊካ አቧራ ሳንባ ይጎዳል። በየ20 ምቱ ድንጋዩን አዙረህ ያዝ፤ ካላዞርከው እጅህ የሚጫንበት ጫፍ ብቻውን ይበላል። እርሳሱ መሃል ላይም ሲጠፋ ወደ 400፣ ከዚያ 600 ሂድ። ዳሮቹን በ45 ዲግሪ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስበር፤ ስለታም ዳር ምላጩን ይቀነጥባል። ጀርባውን አትንካ፤ የመጋዝ መስመሩ ይቆይ።

ለን ግን ቆጥበህ። ቢጫው 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዕድሜ ልክ ይበቃል፤ 2 ሚሊ ሜትር የቀረው ቢሆን ኖሮ ማስተካከሉን ባልመከርኩ።

ከዚያ ድንጋዩ የት ደረጃ እንደሆነ ፈትን። ምላጩን በ8000 ቁጥር ሰው ሠራሽ ድንጋይ በቀጥታ ምት ጨርስ። ቀጥሎ ሀ ላይ በንጹሕ ውሃ፣ በሰያፍ ምት 40 ጊዜ ሂድ። በ60 እጥፍ ማጉያ ስታየው ቀጥታው ጭረት ጠፍቶ ሰያፉ ደቃቅ ከሆነ ድንጋዩ ከ8000 በኋላ የሚመጣ ነው። ሰያፉ ጭረት ጎልቶ ከታየ ከ8000 በፊት አስገባው። አልፎ አልፎ አንድ ጥልቅ ጭረት ብቻ ከታየ ደግሞ ከብርጭቆ ወረቀቱ የቀረ ቅንጣት ነው፤ ፊቱን በብሩሽ አጥበህ ድገም።

---

ፀጉርቤት_ሽቱትጋርት

ለሌሎች ፈላጊዎች አንድ ልጨምር። አውሮፓ ያላችሁ፣ ሻጩ ምን እንደሚሸጥ ሳያውቅ የሚጽፈውን ቃል ፈልጉ። በጀርመንኛ አብጺሽታይን ወይም ቬትስሽታይን፣ በፈረንሳይኛ ፒዬር አ ራዟር። «ኤሸር» ወይም «ኮቲኩል» ብሎ የጻፈ ሻጭ ዋጋውንም ያውቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ክብደትና ሦስቱን ልኬት ጠይቁ፤ ያልተበላ ድንጋይ ከሆነ አባዝታችሁ ስታካፍሉ ስሌይት ይሁን አይሁን ከቤታችሁ ሳትወጡ ታውቃላችሁ።

---

አዲስ_ስለት

በለ ጫፍ በኩል የሙጫው መስመር ትንሽ ተከፍቷል፤ ጥፍር ይገባዋል። ልለጥፈው ወይስ ልተወው?

---

የድንጋይ_ሰው

ጥፍር ከገባ ውሃም ይገባል፤ ለጥፈው። በኃይል አትፈልቅቀው፣ ቢጫው ይሰበራል። ክፍተቱን በአልኮል አጥበህ አንድ ቀን አድርቅ። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀጭን ኢፖክሲ በመርፌ አስገባ፤ በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ወፍራም ስለሆነ ወደ ውስጥ አይሄድም። በሁለት ጣውላ መካከል አድርገህ በለሆሳስ እሰር፤ የወጣውን ሙጫ ሳይደርቅ በአልኮል ጥረግ። ከ24 ሰዓት በፊት አትፍታው።